በውሃ ላይ የተፈተነ ጠመንጃ

በ2014 ዓ.ም. ክረምት ነው። ሐምሌ ሊያልቅ ጥቂት ቀን ቀርቶት ነበር። ሩዙ ሁለተኛ አረም ላይ ነው፤ ጾመ ፍልሰታም ልትገባ ደርሳለች። በዚያ ሰሞን የባለቤቴ ታላቅ ወንድም አዲስ ጠመንጃ ይዞ መጣ።

ከሁሉ አስቀድሜ እግዚአብሔርን አመሰግናለሁ። ልጄ በሕይወት አለች። ባትኖር ኖሮ ከዚህ አንድ ቃል አልጽፍም ነበር።

የባለቤቴን ወንድም ፊት ለፊት «እርስዎ» እለዋለሁ። በዕድሜም በዝምድናም ይገባዋል። እዚህ ስጽፍ ግን እጄ እምቢ ስላለኝ «እሱ» ብያለሁ። አንባቢ ይቅር ይበለኝ።

ጠመንጃ ለፎገራ ሰው ብርቅ አይደለም። አባቴም አንድ አሮጌ ምንሽር ነበረው። ለቀብር ካልሆነ ከግድግዳ አይወርድም ነበር። በዚያ ዓመት ግን ነገሩ ሌላ ሆነ። ጦርነቱ ደጃችን ድረስ መጥቶ ከተመለሰ ወዲህ፣ ወንዱ ሁሉ ሲገናኝ ከዝናብና ከከብት በፊት ስለ መሣሪያ ያወራ ጀመር። የባለቤቴ ወንድም ጠመንጃ እንደ አባቴ ምንሽር በየጥይቱ በእጅ የሚቀባበል አይደለም። እንደ ክላሽም አያንደቀድቅም። ምላጩ በተሳበ ቁጥር አንድ ጥይት ይተኩሳል፤ ቀለሁን ራሱ ይተፋል፤ ቀጣዩን ራሱ ይጎርሳል። አፈሙዙ ረጅም ነው፤ በላዩ ላይ መነጽር ተገጥሞለታል።

እሁድ ከቅዳሴ መልስ ግቢያችን መጥቶ ከጨርቁ ፈታው። ወንዶቹ እንደ አራስ ልጅ እየተቀባበሉ አዩት።

«ይኼ አይከሽፍም» አለ የባለቤቴ ወንድም።

«ጭቃ ውስጥ ቢወድቅስ?» አለ አንድ ጎረቤታችን።

«ከጭቃ አውጥተህ ተኩስ! ዝናብ ቢያድርበት፣ ዝገት ቢነካው ግድ የለውም። ባለቤቱን አይከዳም። ደግሞም አይስትም። ከዚህ ሆነህ ያቺ ዛፍ ላይ ያለችውን ወፍ ዓይኗን ትላለህ፣ ዓይኗን ነው።»

እዚያ የነበሩ አንድ ሽማግሌ አሉ፤ በወጣትነታቸው ብዙ ዓመት ውትድርና ያገለገሉ። ከዘራቸውን ተደግፈው ሲሰሙ ቆዩና፣ «አንተ ሰው፣ ለሚስትህ እንዲህ ምለህላት ታውቃለህ?» አሉት።

«ሚስቴማ ትስታለች! ትናንት እንኳ ወጡን ጨው በጨው አደረገችው።»

ሳቁ። እኔም ፈገግ አልኩ መሰለኝ። ከዚያ፣ «ጋሼ፣ ምን ሊያደርጉበት ነው?» አልኩት።

«ልተኩስበት ነዋ፣ እቴ! ላርስበት ኖሯል?»

እንደገና ሳቁ። ልጄ በሩ ላይ ቆማ እነሱ ሲስቁ ትስቅ ነበር። አሥራ አምስት ዓመቷ ነበር። አጎቷን ትወደዋለች፤ ያሳደጋት እሱ ነው ማለት ይቻላል፤ የራሱ ልጅ የለውም።

አሁን ጠመንጃ እንዴት እንደሚፈተን ልናገር፤ የሆነው ሁሉ ከዚህ የመጣ ነውና።

በበጋ ጥይት መሬት ላይ ሲያርፍ አቧራ ያስነሳል፤ የት እንዳረፈ ከሩቅ ይታያል። በክረምት ግን የእኛ መሬት ጭቃ ነው፤ ጥይቱን ዝም ብሎ ይውጠዋል፤ ስተህ ይሁን መትተህ አታውቅም። ስለዚህ ወንዶቹ በውሃ ይፈትናሉ። ወንዙ ሞልቶ ሜዳው ላይ ሲተኛ፣ ውሃው መሃል እንጨት ተክለው ቢጫ ጀሪካን ያስሩበታል። ከዚያ ከጉብታው ላይ በሆዳቸው ተኝተው ይተኩሳሉ። ጀሪካኑን ቢስቱ ውሃው ይፈናጠራል። የተፈናጠረው በቀኝ ከሆነ ማነጣጠሪያውን ወደ ግራ፣ ከፊት ከሆነ ወደ ላይ እያሉ ያስተካክላሉ። «ውሃ አይዋሽም» ይላሉ። ጥይቱስ የት ይሄዳል ብሎ የጠየቀ ሰው አላስታውስም። ውሃው ውጦ ያስቀረዋል ብለን ሁላችንም እናምናለን። እኔም አምን ነበር። ይህን አልደብቅም።

የእኛ የሩዝ ማሳ ከዚያ ውሃ ማዶ ነው፤ ከጀሪካኑ ወደ ግራ ራቅ ብሎ። በመካከሉ ሌላ ሰው ማሳ አለ። ጠመንጃው የሚያነጣጥረው ወደ እኛ አልነበረም። እሱን አልዋሽበትም።

ማክሰኞ ጠዋት ከልጄ ጋር አረም ገባን። ዝናቡ ከሌሊት ጀምሮ ጥሎ አባርቶ ነበር። የሩዝ አረም የሚታረመው ጎንበስ ብሎ፣ ውሃው ውስጥ ቆሞ፣ በእጅ ነው። አልቅት እግር ላይ ይጣበቃል። ልጄ አልቅት ስትፈራ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ነው፤ የአባቷን አሮጌ ካልሲ እስከ ጉልበቷ ስባ አጥልቃ ነበር።

«ካልሲ አድርጎ የሚያርም የት አየሽ?» አልኳት።

«አልቅቶቹም እንዲህ ብለው ግራ ይጋቡ» አለችኝ።

የመጀመሪያው ተኩስ ተሰማ። ቀና ብለን አየን። ጉብታው ላይ አምስት ስድስት ሰው አለ። ማን እንደሆነ አውቀናል።

«አጎቴ ጀመረ» አለች።

ወደ ሥራችን ተመለስን። ሁለተኛው ተተኮሰ። ሦስተኛውም። ከጉብታው ላይ ጩኸትና ሳቅ ይመጣል፤ የመታ ይመስላል። አራተኛው ሲተኮስ ድምፁ ከሌሎቹ የተለየ ነበር። ከተኩሱ በኋላ አንድ የሚያፏጭ፣ የሚንቀጠቀጥ ነገር ሰማሁ፤ እንደ ትልቅ ጥንዚዛ።

ልጄ፣ «እምየ» አለች። አልጮኸችም። እንደሚጠራ ሰው ነው ያለችኝ።

ዞር ስል ቀኝ ክንዷን በግራ እጇ ይዛ ቆማለች። የነቀለችው አረም እጇ ላይ ነው። ከጣቶቿ መሃል ደም ይወርዳል፤ ውሃው እግሯ ሥር ቀልቷል። ቀስ ብላ ተቀመጠች፣ ውሃው ውስጥ።

መቀነቴን ፈትቼ ከቁስሉ በላይ አጥብቄ አሰርኩት። ምን እያልኩ እንደነበር አላውቅም። ልጄ በኋላ «አባታችን ሆይ እያልሽ ነበር፤ መሃሉን እየዘለልሽ» ብላኛለች።

ጮህኩ። የሌላው ማሳ ሰዎች ደረሱ። ከጉብታውም ሰዎቹ እየሮጡ መጡ። ከሁሉ ቀድሞ የደረሰው የባለቤቴ ወንድም ነው። ውሃው እስከ ወገቡ አርሶታል። ልጅቱን ሲያይ እንደ ሴት ጮኸ፤ ፊቱን ነጨ።

«ማነው? ማነው የተኮሰው?» አለ።

ሁላችንም አየነው። እሱ ግን የእውነቱን ነበር። ጠመንጃው ትከሻው ላይ ተንጠልጥሎ፣ አፈሙዙ ገና ሳይቀዘቅዝ፣ የተኮሰውን ሰው በዓይኑ ይፈልግ ነበር።

በቃሬዛ ተሸክመን እስከ አስፋልት ወሰድናት። መንገዱ ጭቃ ስለሆነ ባጃጅ አይገባም። ከአራቱ ተሸካሚ አንዱ እሱ ነበር፤ ከፊት በኩል። እያለቀሰ ተሸከመ። ማንም ልቀይርህ ቢለው እምቢ አለ። ጠመንጃውን ግን ከትከሻው አላወረደም። መንገዱን ሙሉ ያ ሰደፍ ከልጄ ፊት አጠገብ ሲወዛወዝ እያየሁ ሄድኩ። ለአንዱ ሰጥቶት ቢመጣ ምን ነበረበት? ዛሬም ሳስበው ደሜ ይፈላል።

ከአስፋልቱ በባጃጅ ወረታ ሆስፒታል ገባን። እግዚአብሔር ይስጣቸው፤ ወዲያው ተቀበሉን። ሐኪሟ ወጣት ሴት ነበረች። ብዙ አታወራም። ልጄን አክማ ከወጣች በኋላ ትንሽ ሳህን ይዛ መጣች። ሳህኑ ላይ የተጠፈጠፈ፣ የተጣመመ ብረት አለ።

«እናት፣ አጥንቷ አልተነካም። ጣቶቿንም ታንቀሳቅሳለች። ቁስሉ ግን ጥልቅ ነው፤ ሁለት ቀን እናቆያታለን።»

መሬት ስሜ ተነሳሁ። የእሷንም እጅ ልስም ስል ሸሸችኝ።

«ይኼ ጥይት በቀጥታ አልመጣም» አለች ሳህኑን እያሳየችኝ። «በቀጥታ ቢመጣ ክንዷን ይዞት ይሄድ ነበር። መንገድ ላይ የሆነ ነገር መትቶ፣ ተጣሞ፣ ጉልበቱ አልቆ ነው የደረሰባት።»

«ማሳችን ዘንድ ድንጋይ የለም፣ ልጄ። ውሃ ብቻ ነው።»

«ውሃ ነዋ! ዝቅ ብሎ የሄደ ጥይት ውሃ ላይ ይዘላል።»

«ውሃ ላይ?»

«ጠጠር ውሃ ላይ አንሸራትተሽ አታውቂም?»

አውቃለሁ። ልጅ ሆኜ ከብት ስጠብቅ ወንዝ ዳር ጠፍጣፋ ጠጠር እየመረጥኩ እወረውር ነበር። አራቴ፣ አምስቴ ይዘላል፤ ከወረወርኩበት አቅጣጫም ዞር ብሎ ይሄዳል። ከእኔ ጋር ከብት ይጠብቁ የነበሩት እነዚሁ ወንዶች ናቸው። እነሱም ይወረውሩ ነበር። በዚያ ወንበር ላይ ተቀምጬ ይህን ሳስብ፣ እስከዚያ ሰዓት ያልመጣብኝ ቁጣ መጣብኝ።

በሦስተኛው ቀን ወደ ቤት ተመለስን። ከብቱን ለመጠበቅ ቤት የቀረው ባለቤቴ ደጅ ላይ ተቀበለን። ልጁን አቅፎ አስገባትና እኔን ወደ ጎን ወሰደኝ። ደግ ሰው ነው፤ ወንድሙን ግን ይፈራል።

«አንድ ነገር ልንገርሽ፤ ሳትቆጪ ስሚኝ» አለ።

«ተናገር።»

«ትናንት ጠመንጃውን እንደገና ሞከሩት።»

አልገባኝም ነበር። «ለምን?»

«ይስት እንደሆነ ለማየት። አምስት ተኮሰ። አምስቱንም ጀሪካኑን መታ። ሰው ሁሉ ቆሞ አየ።»

ልጄ ሆስፒታል ተኝታ፣ ክንዷ ተሰፍቶ፣ እነሱ የጠመንጃውን ስም ለማንጻት ወጥተዋል። እዚያው ጉብታ ላይ። ወደዚያው ውሃ። በማዶ የሌላ ሰው ልጅ እያረመች ይሁን አይሁን ማን እንዳየ እንኳ አላውቅም። ሰው ሲከሰስ ምስክር ይቆጠርለታል፤ እዚህ ግን ለብረት ምስክር ተቆጠረለት፤ ዋስ ተጠራለት። ለልጄ ማንም አልተጠራም።

«እና ምን ተባለ?» አልኩት።

መሬት መሬት አየ። «ጠመንጃው አይስትም ተባለ። እንግዲህ ጠመንጃው ካልሳተ…»

«ካልሳተ ምን?»

«ልጅቱ ወደ ጀሪካኑ ተጠግታ ነበር ይላሉ። አረሙን ትታ ሣር ልታጭድ ውሃው ውስጥ ገብታ ነበር ይላሉ።»

በማግስቱ የባለቤቴ ወንድም ሊጠይቃት መጣ። ወተት ይዞላት መጣ፤ አልጋዋ አጠገብ ተቀምጦ ግንባሯን ሳማት። እኔ ቆሜ ነበር።

«ጋሼ፣ ልጄ ከአጠገቤ አልተነቃነቀችም» አልኩት።

«እቴ፣ ማንም አልወቀሳትም። ልጅ ናት። ግን አምስት ተኩሼ አምስቱም…»

«አውቃለሁ፣ ሰምቻለሁ። ሐኪሟ ጥይቱ ውሃ ላይ ዘሎ ነው የመጣው ብላለች።»

«ሐኪም ስለ ጥይት ምን ያውቃል?»

«ከልጄ ክንድ ያወጣችው እሷ ናት።»

የወተቱን ዕቃ ወደ አልጋው ጥግ ገፋ አደረገው። ከዚያ፣ «ደግሞ በዚያን ቀን የሚተኩስ እኔ ብቻ አልነበርኩም ይሆናል። ከማዶ መንደርም ሊሆን ይችላል። ተባራሪ ጥይት ነው» አለ።

ተባራሪ ጥይት። ጥይት ከቤቱ ኮብልሎ የወጣ ይመስል። ወተቱን መልሼ ልሰጠው እጄ ተነሣ፤ ግን ልጄ ታየኝ ነበርና ተውኩት።

እሱ ከወጣ በኋላ ልጄ ለረጅም ጊዜ ጣራውን እያየች ተኛች። ከዚያ፣ «እምየ፣ እኔ የት ነበርኩ?» አለችኝ።

«የት ነበርኩ ማለት ምንድን ነው? አጠገቤ ነበርሽ።»

«አንድ ጊዜ ቀና ብዬ ነበር። ምናልባት ትንሽ ሄጄ ይሆናል። አላስታውስም።»

«አልሄድሽም።»

«አጎቴ ግን አይዋሽም።»

ከቁስሉ ይልቅ ይህ ገደለኝ። ቁስሉን ሐኪሟ ሰፍታዋለች፤ ይድናል። ይህን ግን ማን ይሰፋል? ልጄ የገዛ ዓይኗን ከጠመንጃ አሳንሳ ማመን ጀመረች። ቀን በቀን ያንን ነገር ስታወጣ ስታወርድ አያታለሁ። ጎረቤት ሲመጣ ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች። አንዲት ሴት ሊጠይቋት መጥተው፣ «አይ ልጅ! ከእንግዲህ ከእናትሽ አጠገብ አትራቂ» ብለው ሲመክሯት፣ ልጄ «እሺ» አለች። እሺ!

ፍልሰታ ገባች። በየዓመቱ ጾሙን አብረን ይዘን፣ በፍቺው ቀን አብረን እንቆርባለን፤ ከተወለደች ጀምሮ ያልቀረ ነገር ነው። በሁለተኛው ሳምንት የነፍስ አባታችን ወደ ቤት መጡ። ልጅቱን በመስቀላቸው ባርከው፣ ጸበል ረጭተው ተቀመጡ።

«ልጄ፣ በልብሽ ቂም አለ አሉ» አሉኝ።

«አለ፣ አባ።»

«ይቅር ካላልሽ መቁረብ የለም። ታውቂያለሽ።»

«አውቃለሁ፣ አባ። ግን የበደለኝ በደልኩ አላለም። ያላለውን ምን ብዬ ይቅር ልበለው?»

«ክፉ ቀን ነው በይው። የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው በይው።»

«አባ፣ ይቅር ይበሉኝ። እግዚአብሔር ጉብታው ላይ በሆዱ አልተኛም።»

«ኧረ በማርያም! አፍሽን ያዢ!» ብለው አማተቡ። እኔም ደንግጬ አማተብኩ። ቃሌን ግን አልመለስኩትም። እግዚአብሔር ያደረገውን አውቃለሁ፤ ያንን ጥይት ከአጥንቷ አጠገብ ያቆመው እሱ ነው። ስለዚህ ጧት ማታ አመሰግነዋለሁ። የሰውን ሥራ ግን በእሱ ላይ መጫን እንዴት ጽድቅ ይሆናል?

አባ መስቀላቸውን ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ። «ምን ትፈልጊያለሽ?» አሉኝ በመጨረሻ።

«ሽማግሌ ጉብታው ላይ ይሰብሰብልኝ። ቤት ውስጥ አይደለም። ጉብታው ላይ።»

የጾሙ ፍቺ ዋዜማ ከሰዓት በኋላ ተሰበሰቡ። አባ አሉ፤ ሽማግሌው ወታደር አሉ፤ ባለቤቴና ወንድሙ አሉ፤ ከጎረቤትም ጥቂት ሰው። ልጄን ይዣት ሄድኩ። ክንዷ በነጠላዬ ቁራጭ አንገቷ ላይ ተንጠልጥሏል። ዝናቡ ቆሞ ነበር፤ ውሃው ከፊታችን ተኝቷል፤ ጀሪካኑ እንደተተከለ ነው።

አባ ጸሎት አድርገው ነገሩን ከፈቱ። የባለቤቴ ወንድም ተነሥቶ፣ ደም እንዳልፈለገ፣ ልጅቱ ልጁ እንደሆነች፣ ጠመንጃው ሁለት ጊዜ በሰው ፊት ተፈትኖ እንዳልሳተ ተናገረ። ጥሩ ተናጋሪ ነው። ሰው ራሱን ይነቀንቅለት ነበር።

ተራዬ ሲደርስ ተነሣሁ። ብዙ መናገር አልችልም። መንገድ ላይ ለቅሜ በመቀነቴ የቋጠርኳቸውን ጠፍጣፋ ጠጠሮች ፈታሁ። ወደ ውሃው ዳር ወረድኩ። ጎንበስ ብዬ ወደ ጀሪካኑ ወረወርኩ። የመጀመሪያው ሰጠመ። ከኋላዬ አንዱ ሲስቅ ሰማሁ። ሁለተኛውን ወረወርኩ። ሦስት ጊዜ ዘለለ፤ በመጨረሻው ዝላይ ወደ ግራ ታጠፈ።

ወደ ግራ፣ ወደ ማሳችን።

ማንም አልሳቀም።

«ጠጠርና ጥይት አንድ ነው እንዴ?» አለ የባለቤቴ ወንድም። ድምፁ ግን ቅድም እንደነበረው አልነበረም። ዞሮ ሽማግሌውን ወታደር አያቸው። «አባባ፣ እርስዎ ያውቃሉ፤ ይንገሯት።»

ሽማግሌው ከዘራቸውን መሬት ላይ ይቆረቁራሉ። «ይዘላል» አሉ።

«ምን?»

«ጥይት ውሃ ላይ ይዘላል። እኛን ሲያሰለጥኑን ወደ ውሃ አትተኩሱ ይሉን ነበር። ጭራሽ ክልክል ነበር።»

እኔ ነኝ የጮህኩት። «ያውቁ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«እሱ ሲተኩስ እዚህ ቆመው አልነበረም? ከዚያም በኋላ አምስቱን ሲተኩስ?»

«ነበርኩ።»

«ታዲያ ምነው ዝም አሉ?»

«ማን ጠየቀኝ?» አሉ። ሽማግሌ ሰው ናቸው፤ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። «ወንዱ ሁሉ ጠመንጃውን ሲያደንቅ፣ እኔ ገብቼ የሠርግ ቤት ላይ ለቅሶ ላውራ? ፈሪ ይሉኛል ብዬ ነው። ሽማግሌ ሆኜም ፈሪ መባል ፈራሁ፣ ልጄ።»

ምን ልበላቸው? ላዝንላቸውም ልሰድባቸውም አማረኝ። ሁለቱንም አላደረግኩም።

የባለቤቴ ወንድም ጀሪካኑን እያየ ብዙ ቆመ። ከዚያ ወደ ልጄ ሄደ። ከፊቷ ተንበረከከ፤ ጭቃው ላይ።

«ተጠግተሽ ነበር ያልኩሽ ሐሰት ነው» አላት። «አላየሁሽም ነበር። በመነጽሩ ጀሪካኑን ብቻ ነበር የማየው። አንቺ በቦታሽ ነበርሽ። የተኮስኩት እኔ ነኝ።»

ልጄ ማልቀስ ጀመረች። ከዚያን ቀን ጀምሮ አላለቀሰችም ነበር፤ ሆስፒታልም ቁስሏ ሲሰፋም። በደህና እጇ አንገቱን አቀፈችው። «አውቄ ነበር» አለችው። ምን ማለቷ እንደሆነ ዛሬም አልጠየቅኳትም። ያወቀችው ማን እንደተኮሰ ይሁን፣ የት እንደቆመች ይሁን፣ ወይስ አንድ ቀን እንደሚነግራት፣ እግዚአብሔር ይወቅ።

ወደ እኔም መጣ። አንገቱ ላይ ድንጋይ አድርጎ እንደ ደንቡ ተደፋ። ሽማግሌዎቹ «በይ፣ ይቅር በይው» አሉኝ። ባለቤቴ በዓይኑ ለመነኝ። ድንጋዩን አነሣሁለት። «ይቅር ይበልዎ» አልኩ። እግዚአብሔርን ነው የጠራሁት፤ የራሴን ገና አላገኘሁትም ነበር።

ከዚያ ሽማግሌዎቹ ፍርድ ሰጡ። ሩዙ እስኪታጨድ ድረስ ማንም ወደ ውሃው እንዳይተኩስ አሉ። ሩዙ እስኪታጨድ! ከታጨደ በኋላ ጥይቱ መዝለል ይተዋል? ይህን ጠየቅኳቸው። «ኧረ አንቺ ሴት፣ ይብቃሽ! ከታጨደ በኋላ ውሃ የት አለ?» አሉኝ። በሚቀጥለው ክረምትስ? ብል ነገሩን ማደፍረስ ሆነ፤ ሰው መነሣት ጀምሯል። ጠመንጃውን ስለማስቀመጥ፣ ስለመሸጥ፣ ማንም አንድ ቃል አላነሣም። ሲሄዱ አንዱ ወጣት ለጓደኛው፣ «ቢሆንም ግን፣ አምስቱን ከአምስት! መሣሪያ ነው እኮ!» ሲለው ሰማሁ። ሁለቱም ቀስ ብለው ነው ያወሩት፤ ለእኔ ሲሉ።

እስከ ዛሬ ሰዎች ይጠይቁኛል፤ ያ ጠመንጃ እውነት አይስትም ወይ ብለው። እውነት አይስትም። አይከሽፍምም። በጭቃም በዝናብም ይተኩሳል። ሰውዬው ያለውን ሁሉ ነው የሆነው፤ ባለቤቱ ያላየውን ግን አያይም፣ ያላሰበውንም አያስብለትም። እኔን የሚያናድደኝ ይኸው ነው፤ ስለ ብረት ታማኝነት ይህን ያህል የሚጨነቅ ወንድ ሁሉ፣ ከብረቱ ማዶ ማን እንዳለ ለመጠየቅ አንድ ቀን አልመጣለትም።

በማግስቱ የፍልሰታ ፍቺ ነበር። ጎሕ ሳይቀድ ተነሣሁ። ልጄን አጠብኳት፤ ቀሚሷን በአንድ እጇ ስለማትችለው እኔ አለበስኳት፤ ነጠላዋን አጣፋሁላት። ባለቤቴ ከፊት፣ እኛ ከኋላ ሆነን ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄድን። የባለቤቴ ወንድም ከበሩ አጠገብ ቆሞ ነበር፤ ጠመንጃ አልያዘም። እጅ ነሣን፤ እኔም እጅ ነሣሁት። ቅዳሴው ሲደርስ ልጄ፣ «እምየ፣ ነዪ» አለችኝ።

«አንቺ ግቢ» አልኳት።

«አንቺስ?»

«እኔ ዘንድሮ አልደረስኩም።»

አየችኝ። ከዚያ ገባች። እኔ ከማይቆርቡት ጋር ደጀ ሰላሙ ላይ ቀረሁ። ቅዳሴው እስኪያልቅ ቆሜ እግዚአብሔርን አመሰገንኩ፤ ያንንም ቂም እንዲያነሣልኝ ለመንኩት። ልጄ በነጠላዋ አፏን ሸፍና ስትወጣ ተቀበልኳት፤ መንገዱ ጭቃ ስለነበር፣ እንዳትወድቅ በደህናው እጇ በኩል ደግፌ ወደ ቤት ወሰድኳት።